ከተማ በቦምብ ሲነድ ውሃ የሚያሳጡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት እሳቱን ለማጥፋት በቧንቧ ውሃ መተማመን ነው። የሚያቃጥል ቦምብ የጣለ አውሮፕላን ፈንጂም ይጥላል፤ ፈንጂው መንገዱን ሰንጥቆ ዋናውን መስመር ይበጥሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ለንደን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን ቦምብ ስትነድ የሆነው ይኸው ነው።

«ወንዝ አለን» ማለትም አያዋጣም። የለንደኑ ቴምዝ ከባሕሩ ጋር የሚሞላና የሚጎድል ወንዝ ነው፤ ያን ሌሊት እጅግ ጎድሎ ስለነበር ውሃው ጋ ለመድረስ ጭቃ ማቋረጥ ግድ ሆነ። መሳቢያ ቦታ ሲመረጥ መለካት ያለበት ወንዙ በጣም በጎደለበት ቀን ነው።

ልኬቱም ከውሃው ገጽ እስከ ፓምፑ እንጂ ከገንዳ ቢሳብም ከገንዳው አፍ አይደለም። ውሃን ወደ ፓምፕ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ መሳብ አይታሰብ። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ጥሩ ፓምፕ ይዞ በላላ መጋጠሚያ አየር እያስገቡ «ሞተሩ ደከመ» ማለትም የተለመደ ነው። የመሳቢያውን ጎማ (ቱቦ) ጫፍ ደፍኖ አየሩን መሳብ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የግፊት መለኪያውን ማየት ነው፤ መርፌው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቶሎ ከወደቀ ክፍተት አለ።

ከሁሉ የሚብሰው ውሃን በሊትር ቆጥሮ መርካት ነው። በሊትር ሳይሆን በደቂቃ ቁጠሩ! 5,000 የእንግሊዝ ጋሎን የሚይዝ የብረት ገንዳ 22,700 ሊትር ገደማ ነው፤ ሲያዩት ብዙ ነው። በደቂቃ 2,270 ሊትር የሚረጭ ፓምፕ ግን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እሱም ሙሉው አይወጣም። የመሳቢያው ወንፊት መሬት ከነካ ደለል ይውጣል፣ ለውሃው ገጽ ከቀረበ ውሃው አዙሪት ሠርቶ አየር ያስገባል፤ ስለዚህ የታችኛው ውሃ ከሂሳብ ይውጣ። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው፤ «ከቧንቧው እንሞላዋለን» ይባላል፣ ያው ከተበጠሰው ቧንቧ! ገንዳ ጊዜ መግዣ ነው። ውሃው ሳያልቅ ከወንዝ ወይም ከኩሬ ፓምፕ ለፓምፕ እየተቀባበለ የሚሞላ መስመር መዘርጋት አለበት። እንግሊዞች ኋላ የብረት ቧንቧ በመንገድ ዳር ከመሬት በላይ ዘረጉ፤ የተመታው ክፍል ወዲያው ይታያል፣ ሳይቆፈርም ይጠገናል። የፈረሱ ቤቶችን ምድር ቤትም እየጠረጉና እየለሰኑ ውሃ ሞሉበት።

ገንዳን ረጅም ግንብ ሥር አታስቀምጡ፤ ፍርስራሹ ይቀብረዋል።

ለእርዳታ የሚመጣ ቡድን ጎማ ከእናንተው ጋር መጋጠሙን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ብሪታንያ በየአካባቢው የተበታተኑትን የእሳት አደጋ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1941 አንድ እስክታደርግ ድረስ ይህ ችግር ነበረባት።

ክዳን የሌለው ገንዳ ቆሻሻ ይሞላዋል፣ ወንፊቱም ይደፈናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ልጆች መስጠማቸው ነው፤ በጦርነቱ ዘመን በእነዚህ ገንዳዎች የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። የሽቦ መረብ በላዩ ይወጠርበት፤ ጎማ የሚገባበትን በር ግን ትልቅ ሰው ያለ ቁልፍ፣ በጨለማም ቢሆን፣ ከውጭ የሚከፍተው አድርጉት።