ቺካጎ ለመምጣት ስታቅዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚመጡት?» ብዬ አክስቴን በስልክ ጠየቅኳቸው። «ክረምት ላይ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔ ቺካጎ ብዙ ስለቆየሁ ክረምት ሲባል የሚታየኝ በረዶ ነው። ጃንዋሪ መስሎኝ ወፍራም ካፖርት ገዛሁ፣ የዓመት ዕረፍቴንም ለጃንዋሪ አስሞላሁ። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ሐምሌ ነበር። በመጡ ጊዜ እኔ ሥራ እየዋልኩ እሳቸው ብዙውን ቀን ብቻቸውን ቤት ዋሉ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ወሩን በስሙ አለመጥራት ነው። አገር ቤት ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት ነው፤ እዚህ ያለነው ደግሞ የበረዶውን ጊዜ ክረምት ማለት ለምደናል። ሐምሌና ነሐሴ ቺካጎ በጋ ነው፣ ሙቀቱም የዋዛ አይደለም። ወሩን በሁለቱም አቆጣጠር ተነጋገሩ። ሰዓቱንም እንደዚሁ። ትኬት ላይ 7 ሰዓት ማለት የኛ 1 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፦ በበጋቸው ቺካጎ ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፣ በብርዱ ወቅት በ9 ሰዓት።

ሁለተኛው፣ ወሩን ብቻ አይቶ ሻንጣ ማዘጋጀት። የቺካጎ አየር አይታመንም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2007 የቺካጎ ማራቶን ሲካሄድ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። አዘጋጆቹ ውድድሩን መሀል ላይ ለማቋረጥ ተገደዱ። የኛዋ ብርሃኔ አደሬ በዚያ ሙቀት መጨረሻ ላይ ሮማኒያዊቷን ቀድማ በ3 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈች። በሌላ ዓመት ኦክቶበር ላይ ጓንት ታደርጋላችሁ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ነበር። ልብስ ደራርባችሁ የምትለብሱት ይሁን፤ አንድ ወፍራም ነገር ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም። ለብርዱ ወራት የሚሆን ካፖርትና ጫማ ግን አዲስ አበባ ዞራችሁ አትድከሙ። ዘመድ ካላችሁ እዚሁ ይዘጋጅላችሁ።

አሜሪካ የገባ ሰው ሁሉንም ዘመድ በአንድ ጉዞ መጠየቅ ይፈልጋል። ይገባኛል፣ ካልሄዱበት ይቀየማሉ። ግን «ሚኒያፖሊስ ቅርብ ነው፣ ደርሰን እንመለስ» የሚባለው ነገር ስህተት ነው። ከቺካጎ ሚኒያፖሊስ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በመኪና 6 ሰዓት። ኮሎምበስ ኦሃዮ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በአምስት ቀን ሦስቱን ከተማ ያዳረሰ ሰው የሚያስታውሰው አስፋልቱን ነው። አንዱን ምረጡ፣ ሌሎቹን በስልክ ይቅርታ ጠይቁ።

ኤርፖርት ላይ የሚሠራው ስህተት ትንሽ ናት፣ ግን ታደክማለች። ኦሄር የሚባለው የቺካጎ ኤርፖርት ከደረሳችሁ በኋላ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ብሉ ላይን የሚባለው ባቡር ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ነገር ግን ብዙዎቹ የውጭ አገር በረራዎች የሚያርፉበት ተርሚናል 5 ጋ የብሉ ላይን ጣቢያ የለም። መጀመሪያ ተርሚናሎቹን በሚያገናኘው ነጻ ባቡር መሻገር አለባችሁ። ይህን ያላወቀ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ይንከራተታል። መኪና መከራየትን ግን አልመክርም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ኪስ ያራቁታል፣ ባቡሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ያደርሳል።

አድራሻ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የቤት ቁጥሮች የሚቆጠሩት ስቴትና ማዲሰን የሚባሉት ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ቦታ ጀምሮ ነው። ወደ ሰሜን ስትሄዱ በየ800 ቁጥሩ አንድ ማይል ነው። ስለዚህ «6000 ሰሜን» የሚል አድራሻ ካያችሁ ከማዲሰን 12 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ካርታ ሳትከፍቱ ርቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ይህን የመሰለ ነገር በሌላ ከተማ አልገጠመኝም። ችግሩ ሚሺጋንን የመሳሰሉ ጎዳናዎች ሰሜንም ደቡብም አላቸው። «ሰሜን» የምትለዋን ቃል ዘላችሁ ለሾፌር ከነገራችሁ ከሆቴላችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ትገኛላችሁ። ዋከር የተባለው መንገድ ደግሞ ላይና ታች አለው። ታችኛው ላይ ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ ይስታል።

ለሁሉም ነገር መክፈል አያስፈልግም። ሊንከን ፓርክ የሚገኘው የእንስሳት ማቆያ ዓመቱን ሙሉ በነጻ ነው። የባቄላ ፍሬ የሚመስለው የብረት ሐውልት ያለበት ሚሌኒየም ፓርክም፣ ትልቁ የመስታወት ጉልላት ያለበት የባህል ማዕከልም እንደዚያው። በሌላ በኩል ሙዚየሞች «ነጻ ቀን» ሲሉ ብዙ ጊዜ ለኢሊኖይ ነዋሪ ነው፣ በዚያ ተስፋ አድርጋችሁ ሰልፍ አትያዙ። ምግብ ቤት ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ታክስ ይጨመራል፣ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕም ይጠበቅባችኋል። ታዋቂው ወፍራም ፒዛቸው አይብ የሞላበት ስለሆነ ለጾመኛ አይሆንም። የጾም በያይነቱ የናፈቀው ሬድ ላይን በሚባለው ባቡር ወደ ሰሜን ይሂድ። ኤጅዋተር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ያገኛል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ስህተት ግን ሐይቁን በመኪና መስኮት አይቶ መሄድ ነው። ሚሺጋን ሐይቅ ጣናን ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ ማዶው አይታይም። ዳርዳሩን 29 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል፣ ማንም ገብቶ ይሄድበታል። አክስቴን ፈቃድ ባገኘሁበት በአንዱ ቅዳሜ ወሰድኳቸው። «ባሕር ነው እንዴ?» አሉኝ። ሐይቅ ነው ብላቸው አላመኑም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። «እውነትም ጨው የለውም» አሉ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ በሐምሌም ቢሆን ሹራብ ያዙ፤ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ ከተማው ውስጥ ካለው ይቀዘቅዛል።