ቦሮቡዱርን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፦ ጃቫ ገጠር እንዴት ይታደራል?

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወዳለችው ማዕከላዊ ጃቫ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዮግያካርታ ከተማ ካለው ሆቴሉ ይወጣል፣ ቦሮቡዱር የሚባለው ጥንታዊ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ይደርሳል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ ለምሳ ከተማ ይመለሳል። ገጠሩን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ሁለት ሌሊት መንደር ውስጥ ካደርኩ በኋላ ግን ነገሩን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ መንደሩ፣ መጨረሻ ላይ ቤተ መቅደሱ።

የትኛው መንደር?

እኔ የምመክረው ቻንዲሬጆን ነው። ማጌላንግ በሚባለው ወረዳ ውስጥ ነው ያለችው፣ ከቦሮቡዱር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከጀርባዋ የሜኖሬህ ኮረብቶች አሉ፣ ፕሮጎ የሚባለው ወንዝም ቅርብ ነው። የቱሪዝም መንደር ተብላ የተሰየመችው በ2003 ሲሆን ማደሪያውን፣ ምግቡንና የፈረስ ጋሪውን የሚያደራጀው የነዋሪዎቹ የራሳቸው ኅብረት ሥራ ማህበር ነው። በማህበሩ በኩል ቀድማችሁ ያዙ። ቤት ለቤት እየዞሩ ዋጋ መከራከር እዚህ አያምርም፣ ተራ የሚደርሰውን ቤተሰብ ቀደም ብለው ስለሚወስኑም ነገር ታበላሻላችሁ።

ድንጋይ መውጣት የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ከዮግያካርታ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጉኑንግ ኪዱል ውስጥ ንግላንገራን አለች። በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ የነበረ ግዙፍ አለት ሥር የተቀመጠች መንደር ናት፣ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅትም በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። ቆንጆ ናት። ግን ሰው ይበዛባታል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከጃካርታ ዮግያካርታ ባቡር አለ። በአውሮፕላን የመጣ ከአዲሱ አየር ማረፊያ ከተማ ድረስ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ከዮግያካርታ ቦሮቡዱር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ስትሄዱ በስልክ መተግበሪያ መኪና መጥራት ትችላላችሁ፣ ስትመለሱ ግን መንደር ውስጥ ሆናችሁ ብትጠሩ የሚመጣ ላይኖር ይችላል፤ የመመለሻውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ በተለይ ዝርዝር። የሩፒያ ትልቁ ኖት 100,000 ነው፣ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ እሱን ብትዘረጉ ባለ ሱቋ ሰፈሩን በሙሉ ዞራ ነው ዝርዝር የምትፈልገው። ሰዎች ዋጋ ሲናገሩ ሺውን ሊተዉት እንደሚችሉም ልብ በሉ። “አሥራ አምስት” ካሏችሁ 15,000 ማለታቸው ነው።

ዝናቡ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ደረቅ ይሆናል፣ ተራሮቹም ጠዋት ጠዋት ጥርት ብለው ይታያሉ። ራምቡታን የሚባለውን ፀጉራም ቀይ ፍሬ ከዛፉ ሥር ቆማችሁ መብላት ካማራችሁ ግን በዝናቡ ወራት ነው መሄድ ያለባችሁ።

እንደደረሳችሁ

መንደሩ መግቢያ ላይ “እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ” የሚል ሰሌዳ ታዩ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ ማለት አይደለም። ጃቫ ውስጥ መንደር ወደ ትናንሽ ጎረቤታሞች ይከፋፈላል። በአሥሮች የሚቆጠሩ ቤቶች አንድ “ኤርቴ” ይባላሉ፣ ኤርቴው ደግሞ ከነዋሪዎቹ የተመረጠ ኃላፊ አለው። እንግዳ ሲያድር እሱ ማወቅ አለበት። አስተናጋጆቻችሁ ያሳውቁላችኋል፣ እናንተ የፓስፖርት ኮፒ ብቻ ስጡ። ጊዜ ካላችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ሰላም በሉት። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ “እነማን ናችሁ?” የሚላችሁ አይኖርም፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።

ባዶ እጅ አትሂዱ። ከከተማ የመጣ ሰው የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ይህ ስጦታ ስሙ “ኦሌ ኦሌ” ነው። ዮግያካርታ ባክፒያ የሚባል ጣፋጭ ሞልቷል፣ አንድ ካርቶን ይበቃል።

በር ላይ ስትደርሱ ጫማ አውልቁና “ኩሎ ኑውን” በሉ። የእኛ “ቤቶች!” ማለት ነው። ከውስጥ “ሞንጎ” እስኪባል ቁሙ። “ሞንጎ” ብዙ ሥራ አላት፦ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እለፉ፣ ብሉ። ሻይ ይመጣል፣ በጣም ጣፋጭ ነው፣ ጥርስ የሚያሳምም ዓይነት። ታዲያ ብርጭቆው ፊታችሁ ስለተቀመጠ ብቻ አታንሱት። እንደገና “ሞንጎ” እስክትባሉ ጠብቁ። የመጀመሪያ ቀን ጠምቶኝ ስለነበር ቀድሜ ጨለጥኩት፤ ማንም ምንም አላለኝም፣ ሴትየዋ ፈገግ ብለው ሁለተኛ ቀዱልኝ፣ የገባኝ ማታ ነው።

በሰው መሃል ስታልፉ ጎንበስ ብላችሁ “ኑውን ሴዉ” በሉ። በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር በሌባ ጣት አለመጠቆም ነው፣ እዚያ የሚጠቆመው በአውራ ጣት ነው።

ስለ ቋንቋው

ኢንዶኔዥያኛ አብዛኛው ሰው ይችላል፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ግን ጃቫኛ ነው። ጃቫኛ ደግሞ የአክብሮት ደረጃዎች አሉት። የውጭ ሰዎች ይሄ ነገር ያስጨንቃቸዋል፣ “አንቱ” እና “እርስዎ” እየሰማ ላደገ ሰው ግን ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ እነሱ ግሡን ራሱን መቀየራቸው ነው። “መብላት” ለጓደኛ “ማንጋን” ነው፣ በጨዋ አነጋገር “ነዳ”፣ ለትልቅ ሰው “ዳሃር”። ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ የመጨረሻውን ለራሳችሁ እንዳትጠቀሙ። “እኔ ዳሃር” ያለ ሰው ራሱን አንቱ እንዳለ ነው፣ ሳቁ አያልቅም። ደረጃው ካደናገራችሁ በኢንዶኔዥያኛ ተናገሩና ሰላምታውንና ምስጋናውን ብቻ በጃቫኛ አድርጉት። ማመስገኛው “ማቱር ኑውን” ነው። ወንዱን “ፓክ”፣ ሴቷን “ቡ”፣ ወጣቱን “ማስ”፣ ወጣቷን “ምባክ”፣ አያት የሚሆኑትን “ምባህ” በሉ። በባዶ ስም መጥራት አይለመድም።

አቅጣጫ ስትጠይቁ “ቀኝ፣ ግራ” ላትሰሙ ትችላላችሁ። ሎር ሰሜን፣ ኪዱል ደቡብ፣ ዌታን ምሥራቅ፣ ኩሎን ምዕራብ። እነዚህን አራቱን ሳትሸመድዱ ከቤት አትውጡ። ሰዉ በእነዚህ ነው የሚኖረው፣ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሲያስጠጉ እንኳ “ትንሽ ወደ ዌታን” ይባባላሉ። የአካባቢዎቹ ስም ራሱ በዚህ ነው የተሠራው። ጉኑንግ ኪዱል የደቡብ ተራሮች ማለት ነው፣ ኩሎን ፕሮጎ ደግሞ ከፕሮጎ ወንዝ ምዕራብ። ቻንዲሬጆ ላይ ማስታወሻችሁ ተራሮቹ ይሁኑ። ሜራፒ በምሥራቅ በኩል ነው፣ የሜኖሬህ ኮረብቶች በደቡብ። ጉም ከሸፈናቸው ያው ሰው መጠየቅ ነው።

ሜራፒን ካነሳን፣ እሳተ ገሞራው አልተኛም። በ2010 ሲፈነዳ ከ350 በላይ ሰው ሞቷል፣ አመዱም ቦሮቡዱርን ሸፍኖት ነበር። መንደሩ ከጫፉ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የምትፈሩት አመዱን ነው። የማስጠንቀቂያ ደረጃዎቹ አራት ናቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስንተኛው ላይ እንዳለ እዩ።

መታጠቢያ ቤት

አጭር ግን አንገብጋቢ። ጥግ ላይ ውሃ የሞላ በሰድር የተሠራ ገንዳ ታገኛላችሁ፣ አጠገቡ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ጣሳ አለ። ገንዳው ውስጥ አትግቡ! በጣሳው እየቀዳችሁ ውጪ ቆማችሁ ነው የምትታጠቡት። ውሃው የቤተሰቡ በሙሉ ነው። አንዴ ሳሙና ካገባችሁበት ሁሉም ተደፍቶ እንደገና መሞላት አለበት። ውሃው ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ታጠቡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አዛን ስለሚቀሰቅሳችሁ በጊዜ ተኙ።

ምግቡ ሩዝ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔና ቶፉ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ አትክልት ነው። ጿሚዎች ትመቻችኋላችሁ፤ የቃሪያው ማባያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከትናንሽ የባሕር ፍጥረታት የሚሠራ ተራሲ የሚባል ቅመም ስለሚገባ ግን ጠይቁ።

ገበያው የቱ ቀን ነው?

እዚህ ላይ ነው እኔ የተደሰትኩት። ጃቫዎች ከሰባቱ ቀን ጎን ለጎን የአምስት ቀን ሳምንት አላቸው፦ ለጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን። የገበያ ሳምንት ነው። ብዙ ገበያ በቀኑ ስም ይጠራል፣ ፓሳር ክሊዎን ከተባለ የክሊዎን ገበያ ማለት ነው። አሁን አሁን አብዛኛው በየቀኑ ክፍት ነው፣ የራሱ ቀን ሲደርስ ግን ከየኮረብታው የሚወርደው ሰው ሌላ ነው፣ ዶሮው፣ ማጭዱ፣ የዘር ሽንኩርቱ፣ የቅጠል መድኃኒቱ ሁሉ ይወጣል። ሁለቱ ሳምንታት ሲጣመሩ በየ35 ቀኑ አንድ ዙር ይሞላል። ሰው የተወለደበት ጥምር “ዌቶን” ይባላል፣ የሠርግ ቀን ሲቆረጥም ይታያል። ስንት ዓመታችሁ ነው ከሚላችሁ ይልቅ ዌቶናችሁ ምንድነው የሚላችሁ ሽማግሌ ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ።

እንዴት ታውቃላችሁ? ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ፈልጉ፣ የገበያው ቀን ከቁጥሩ ሥር ይጻፋል። የሰባቱን ቀን ስም ደግሞ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ሬቦ ሮብ ነው፣ ከሚስ ሐሙስ፣ አሃድ እሑድ። በዓረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ዘመድ ነው። ስለዚህ “ሬቦ ፓሂንግ” ከተባላችሁ ሮብ ሆኖ ፓሂንግ የሚውልበትን ቀን ነው የምትፈልጉት። በጠዋት ሂዱ፣ ረፋድ ላይ ጥሩው ነገር አልቋል።

ከሰዓት በኋላና ማታ

ከሰዓት በኋላ የኮኮናት ስኳር የሚሠራ ቤት እንዲወስዷችሁ ጠይቁ። አባወራው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ግንዱ ላይ የተፈለፈሉትን እርከኖች እየረገጠ ይወጣል። አናቱ ላይ የአበባውን ዘንግ ቆርጦ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በቀርከሃ ይዞ ይወርዳል። እንዳይኮመጥጥ ትንሽ ኖራ ይገባበታል። ከዚያ እናትየው በእንጨት እሳት ለሰዓታት ታፈላዋለች፣ ሲወፍር በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ትገለብጠዋለች፣ ያም የቅርፊቱን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እኔም ልውጣ እንዳትሉ፣ የለመዱትም ወድቀው ይሞታሉ።

ማታ በየቤቱ በር አጠገብ የተንጠለጠለች ትንሽ ዕቃ ካያችሁ ውስጧን ተመልከቱ። አንድ እፍኝ የማትሞላ ሩዝ ወይም ሳንቲም አለባት። “ጂምፒታን” ይባላል። ተራ የደረሳቸው ወንዶች ሌሊት መንደሩን እየዞሩ ሲጠብቁ ይሰበስቡታል፣ ለሰፈሩ የጋራ ወጪ ይውላል። የጥበቃ ዳሷ ላይ የተሰቀለው የተቦረቦረ ግንድ ማንቂያ ደወላቸው ነው፣ ለጨዋታ እንዳትመቱት፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። አብራችሁ መቀመጥ ግን ይፈቀዳል፣ ቡና አለ። ቡናው ተፈጭቶ ብርጭቆ ውስጥ ፈላ ውሃ የሚደፋበት ነው፣ አተላው እስኪዘቅጥ ታገሱ። ስለ ቡናው ሌላ አስተያየት አልሰጥም።

መንገድ ዳር ቢጫ የኮኮናት ለጋ ቅጠል ተጎንጉኖ ከቆመ እዚያ ሠርግ አለ። ከተጠራችሁ ሂዱ፣ ገንዘብ በፖስታ አድርጋችሁ በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ጸሎትና ማዕድ ያለበት “ስላሜታን” ከሆነ ደግሞ ስትወጡ ምግብ ቋጥረው ይሰጧችኋል። ያ የተቋጠረ ምግብ ስሙ “በርካት” ነው። አዎ፣ በረከት። አልፈልግም አይባልም።

ቦሮቡዱር በመጨረሻ

አሁን ሂዱ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ 2,672 የተቀረጹ የድንጋይ ሰሌዳዎችና 504 የቡዳ ሐውልቶች አሉት። ላይ ለመውጣት የሚፈቀደው በቀን ለተወሰነ ሰው ብቻ ነው፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ድንጋዩን እንዳይጎዳ የተሠራ ነጠላ ጫማ ተጫምታችሁ። ግቢው ውስጥ መግባትና ላይ መውጣት ትኬታቸው የተለያየ ስለሆነ የምትገዙትን በደንብ አንብቡ፣ ቀድማችሁም ግዙ። ከመንደር ከመጣችሁ ሰሌዳዎቹ ላይ የምታዩት ሌላ ነው። ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሙዚቃ የሚመቱትን ሰዎች ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ከቡዳው ይልቅ ጥግ ላይ ያለውን ተራ ሰው።

ስትሰናበቱ ሻንጣ አንስቶ መሄድ የለም። ተቀመጡ፣ “ኙውን ፓሚት” በሉ፣ እስኪመርቋችሁ ጠብቁ። ስኳር ይሰጧችሁ ይሆናል። እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ፌስታል ጥቅልል አድርጋችሁ እሰሩት፤ እኔ በወረቀት ብቻ ይዤው ጃካርታ ስደርስ ቀልጦ ሸሚዜ ላይ ተጣብቆ፣ ጉንዳኑም አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር።