ፎቶ አንሺ ሥራውን በሕግ እንዴት እንደሚጠብቅ

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ በማንሳት የሚተዳደር ሰው ሁለት ሕጎችን ቢያውቅ ይበጀዋል። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ ሌላው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የመጀመሪያው ፎቶው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ምን መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ሁለቱንም የገለጥኳቸው ከተጎዳሁ በኋላ ነው።

1. ስምዎን በፎቶው ላይ ያኑሩ። አዋጁ ለፎቶግራፍ ጥበቃ የሚሰጠው ፎቶው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የባለሙያውን አልያም የወኪሉን ምልክት ወይም ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ያለ ስም የተለቀቀ ነጠላ ፎቶ ገና ከመነሻው ደካማ ነው ማለት ነው። ዛሬውኑ የካሜራዎን ሜኑ ከፍተው በቅጂ መብት ቦታው ላይ ስምዎን ይጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ይሁን እንጂ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ስም ብቻውን አይበቃም፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፣ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ለደንበኛ ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ። ስምን በሚነሳው ሰው ፊት ላይ በትልቁ ማተም ለእኔ ሥራን በገዛ እጅ ማበላሸት ነው፤ ጥግ ላይ የተጻፈ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል። እኔ ለምሳሌ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳነሳ ከቀሚሱ ጥለት አጠገብ፣ ቢቆረጥ ልብሱ የሚጎድልበት ቦታ ላይ በትንሹ አሳርፈዋለሁ።

2. ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት ውል ይፈርሙ። እኔ ዋጋ የከፈልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ለዓመት መቁጠሪያ የሚሆኑ 12 ፎቶዎችን እንዳነሳለት በስልክ ጠየቀኝ። ዋጋ ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ተቀበልኩ፣ ሥራውንም በፍላሽ አስረከብኩ። በዓመቱ ከፎቶዎቹ አንዱን፣ ቡና የምታፈላ ሴት የሚታይበትን፣ መንገድ ዳር በቆመ ቢልቦርድ ላይ አየሁት፤ ሎጎው ደግሞ ያዘዘኝ ድርጅት ሳይሆን የሌላ ነበር። ወደ ጠበቃ የሄድኩት በቁጣ ነው፤ እርሱ ግን ረጋ ብሎ «ውሉን አሳየኝ» አለኝ። የነበረኝ የቀብዱ ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ለፎቶ ሥራ» ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ሁላችንም ፎቶው ያነሳው ሰው ንብረት ነው ብለን እናስባለን። አዋጁ ግን በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ስለዚህ ዝምታችን የሚጠቅመው ደንበኛውን ነው። እኔም «ለመቁጠሪያ ብቻ ነው የሸጥኩት» ብዬ ልከራከርበት የምችልበት አንዲት መስመር ጽሑፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ ውል ሳልይዝ አልወጣም። ውሉ በቅድሚያ የቅጂ መብቱ የፎቶግራፍ ባለሙያው ሆኖ እንደሚቆይ በግልጽ ይናገራል፤ ሕጉ የሚጠይቀው «ተቃራኒ ስምምነት» ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ ደንበኛው ፎቶውን በምን ላይ፣ የትና ለስንት ጊዜ እንደሚጠቀምበት፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ እንደማይችል፣ የባለሙያው ስም የት እንደሚጻፍ ይዘረዝራል። «ለማስታወቂያ» የሚል ልቅ ቃል አይቀበሉ፤ «ለ2 ዓመት፣ ለግድግዳ መቁጠሪያና ለድርጅቱ ድረ ገጽ» ብለው ይጻፉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት ስለማይጸና፣ አስገዳጅ ሆነም አልሆነ ሁለት ምስክሮች ያስፈርሙ። ከሌላ አገር ውል ገልብጦ ማስተርጎም ግን አልመክርም፤ አዋጃችን የሚጠይቀውን ትቶ የማይጠይቀውን ሲደረድር አይቻለሁ።

ደንበኛው «እንተማመን የለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ቀብዱን ሲቀበሉ ውሉን አብረው ቢያቀርቡ ነገሩ ይቀላል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚፈርም ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

3. የሚነሳውን ሰው ፈቃድ ይያዙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 27 ጀምሮ እንደሚደነግገው የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ሲጠይቅ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲውል፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሁነት ጋር ሲያያዝ ፈቃድ አያስፈልግም። የጥምቀትን ሰልፍ ለዜና ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ከሰልፉ የአንዲትን ልጃገረድ ፊት ቆርጦ ለሳሙና ማስታወቂያ መሸጥ ግን ሌላ ነው። የሙሽራ ፎቶ አጉልቶ በስቱዲዮ መስኮት ላይ መስቀል የቆየ ልማዳችን ቢሆንም ያለ ፈቃድ መስቀል ከዚሁ ድንጋጌ ጋር ያጋጫል። የፈቃዱን መስመር በሠርጉ ውል ውስጥ ያስገቡት፤ ለሕፃናት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፍረም።

4. ዋናውን ፋይል አይስጡ፣ አያጥፉም። ሮው ፋይሉን፣ ማለትም ካሜራው የቀረጸውን ያልተነካካ ምስል፣ ከውሉ ጋር በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ። የፎቶግራፍ ጥበቃ ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ነው፤ ከሌሎች ሥራዎች ያነሰ ቢሆንም ከብዙ ሃርድ ዲስክ ዕድሜ ይረዝማል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ለገበያ ያሰቡትን ስብስብ ግን ያስመዝግቡ፣ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

5. ፎቶዎ ያለ ፈቃድ ሲወጣ ካዩ በማኅበራዊ ሚዲያ ከመጮህዎ በፊት ማስረጃ ይሰብስቡ፤ ጩኸቱን ሲሰሙ ያነሱታል፣ ያን ጊዜ የሚያሳዩት አይኖርዎትም። ድረ ገጽ ከሆነ አድራሻውና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪኑን ያንሱ፤ ቢልቦርድ ከሆነ አካባቢውን የሚያሳይ ፎቶ ከሩቅም ከቅርብም ያንሱ። ከዚያ አጠቃቀሙን፣ የሚጠይቁትን ክፍያና የመልስ ቀነ ገደብ የያዘ ደብዳቤ ፎቶውን ለተጠቀመበት ድርጅት ጽፈው በመዝገብ ቤቱ ያስገቡና ቅጂዎ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ አንድ ደብዳቤ ፍርድ ቤት ሳንደርስ ክፍያዬን አስገኝቶልኛል። ከደብዳቤው ጋር በትንሹ የታተመ የፎቶውን ቅጂ ያያይዙ እንጂ ሮው ፋይሉን አያያይዙ፤ እርሱ ክርክር ከተነሳ ለዳኛው የሚቀርብ ነው።