የሎሚ ቢራቢሮ በብርድ ወራት፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ የሎሚ ቢራቢሮን ከትልነቱ ጀምሮ በሎሚ ተክል ላይ ወይም ቤት ውስጥ ለምታሳድጉ ነው። ትሉ ጠዋት ላይ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም። ብርድ ነው። ለገጣፎና ሰንዳፋ ዙሪያ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ሲጨክን ትል ይደነዝዛል። ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ይነቃል። በጥቅምት አንድ አጥንት ለሰው ነው፤ እሱን ተዉት።

ትሉ ከቅጠል ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ ከአፉ አረንጓዴ ውሃ ይወጣል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። "ብርድ ፈጀብኝ" ተብሎ የሚመጣብኝ ስሞታ አብዛኛው ይሄ ነው፤ ብርድ ግን ያደነዝዛል እንጂ አያንፈራግጥም። በምን ሸፈናችሁት? ስል መልሱ ያው ነው፤ ዘመድ ከቆላ ባመጣው አጎበር። ኧረ በፈጣሪ፣ የሚታደለው አጎበር እኮ መድኃኒት ያለው ነው! ትንኝ የሚገድል ነገር ለትል አይራራም። አንዲት ጎረቤቴ ይህን ነግሬያት "በሳሙና አጥቤዋለሁ" ብላ መልሳ ሸፈነችበት፤ በማግስቱ ከሎሚው ግርጌ ሲደነግጡ ከራሳቸው ጀርባ ብቅ የሚያደርጉትን ቀንድ እንዳወጡ የደረቁ ትሎች ለቀምን። አጎበሩ 20 ጊዜ ታጥቦም እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የእሷ አንድ እጥበት ምን ያደርገዋል? ቆርጦ የካርቶን መስኮት ያደረገበትም ሰው አይቻለሁ። ቁራጩም ይገድላል።

መፍትሄው የመጋረጃ ስስ ጨርቅ ነው። አዲስ ከሆነ በውሃ ብቻ እጠቡት፣ ቅርንጫፉን ከነትሉ አልብሱና አፉን በገመድ እሰሩ። አጎበር የነካውን ቅጠል ቁረጡ፣ ካርቶኑንም ጣሉ። ቤት ውስጥ የምታሳድጉ ደግሞ ፍሊት አትንፉ። "በሌላኛው ክፍል ነው የነፋሁት" አይሠራም። ከችግኝ ሻጭ አሁን የገዛችሁትን ሎሚም ቶሎ አትመኑ፣ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል።

ሙሽሬው፣ ማለትም ትሉ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ የሚቆይበት ቅርፊት፣ ቆየ፤ ቢራቢሮ አልወጣም። አትጣሉት! በሙቀት ሁለት ሦስት ሳምንት የሚፈጅበት በብርድ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዴ ወራትም። ከጠቆረ ቀርባችሁ እዩ፤ ከቅርፊቱ ሥር የክንፉ ቢጫ ነጠብጣብ ከታየ ሊወጣ ነው። ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው ግን ጥገኛ ተርብ ጨርሳዋለች። ይሙቀው ብሎ ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ የጤና አይደለም፣ ያደርቀዋል።

ክንፉ ተጨማዶ ወጣ። ሙሽሬው ወድቋል፣ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነበር። የሚንጠለጠልበት ሻካራ እንጨት አስገቡለት። የተጨማደደው አይቃናም።

ደህና የወጣውንም በማለዳ አትልቀቁት። ጠዋት 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል አበባ ላይ አስቀምጡት።