ድርጅቱ በር ከዘጋባችሁ ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ ምን ታደርጋላችሁ

የደሞዝ ጭማሪ ወይ የህብረት ስምምነት ድርድር ላይ እያላችሁ አንድ ቀን ሰርቪሱ ሳይመጣ ይቀራል፣ በታክሲ ተጋፍታችሁ ስትደርሱ በሩ ተቆልፏል፣ ጥበቃው ደግሞ "እኔ ታዝዤ ነው" ይላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ተናዶ ቤቱ ይገባል። እባካችሁ ቤት አትግቡ።

ምክንያቱም በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት በጽሁፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን ከስራ የቀረን ሰራተኛ ወዲያው ማሰናበት ይቻላል። ዛሬ በሩን የቆለፈው ሰውዬ ነገ "እኔ መች ዘጋሁ፣ እነሱ ናቸው የቀሩት" ቢል ማን ይመልስለታል? ማስረጃ ብቻ።

ስለዚህ በየቀኑ በመግቢያ ሰዓታችሁ ባጃችሁን አድርጋችሁ በር ላይ ተገኙ። ደብተር ግዙና ስም፣ የስራ ክፍል፣ ሰዓት፣ ፊርማ እያላችሁ ያዙ፣ ለሌላ ሰው መፈረም የለም፣ አንድ የውሸት ፊርማ ከተገኘ ሙሉ ደብተሩ ዋጋ ያጣል። የተቆለፈውን በርና የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ እሱን ፎቶ አንሱ። ከዛ በዛው ቀን አጭር ደብዳቤ ጻፉ፣ ጠበቃ አያስፈልገውም፣ እንዲህ ይበቃል፦ "ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በመደበኛ የስራ ሰዓታችን ለስራ ዝግጁ ሆነን ብንገኝም በድርጅቱ ትዕዛዝ እንዳንገባ ተከልክለናል፣ ምክንያቱ በጽሁፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።" ኮፒው ላይ ማህተም አስመቱ፣ አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ላኩትና ደረሰኙን አትጣሉ። "ለስራ ዝግጁ ሆነን" የምትለዋን እንዳትዘሏት፣ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 54 ላይ ለመስራት ዝግጁ ሆኖ በራሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሰራ የቀረ ሰራተኛ ደሞዝ ይገባዋል ስለሚል የደሞዝ ጥያቄያችሁ የሚቆመው በሷ ላይ ነው።

ድንጋይ መወርወር፣ መኪና ማገድ፣ ስራ አስኪያጁን መሳደብ አይሆንም። አንዳንዱ አሰሪ እሱን ነው የሚጠብቀው፣ ፖሊስ ከመጣ ወሬው ስለ ደሞዝ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ ህጉ። አሰሪ ስራ መዝጋት ይችላል፣ እናንተ አድማ መምታት እንደምትችሉት ማለት ነው፣ ግን እንደፈለገ አይደለም። ከ10 ቀን በፊት ለእናንተም ለሰራተኛ ጉዳይ መስሪያ ቤትም ምክንያቱን ጠቅሶ ማሳወቅ አለበት፣ ነገሩ በማስማማት እንዲያልቅም መሞከር አለበት። ጉዳዩ ቦርድ (የአሰሪና ሰራተኛ ክርክር የሚወስነው አካል) ከሄደ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ወይ 30 ቀን እስኪሞላ መዝጋት አይፈቀድም። መብራት፣ ውሃ፣ ሆስፒታል፣ ቴሌ አይነት ቦታ ከሆነ ጭራሽ አይቻልም፣ አድማም አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "የ10 ቀኑ ማስታወቂያ የታለ?" ነው።

ብዙ ጊዜ መልሱ "እኛ አልዘጋንም፣ ጥሬ እቃ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ለጊዜው አግደናል" ይሆናል። እገዳ ሌላ ነገር ነው፣ የራሱ ስርዓት አለው። ችግሩ ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀን ስራ የሚያስቆም መሆን አለበት፣ አሰሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሰራተኛ ጉዳይ በጽሁፍ ማሳወቅ አለበት፣ ከ90 ቀንም አያልፍም። ደብዳቤው መግባቱን ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ መስሪያ ቤቱ በ3 የስራ ቀን መልስ ካልሰጠ እገዳው እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሩጡ።

የት ነው የሚኬደው? ማህበር ካላችሁ በማህበሩ በኩል፣ የወል ክርክር (የሁሉም ሰራተኛ የጋራ ጉዳይ) ስለሆነ መጀመሪያ አስማሚ ይመደባል፣ ካልተስማማችሁ ወደ አሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ። ፌዴሬሽናችሁንና ኢሰማኮንም (የኢትዮጵያ ሰራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን) አሳውቁ። ማህበር ከሌለ 10 ሰራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማቋቋም ይቻላል፣ ግን በር ከተዘጋ በኋላ መሯሯጥ ከባድ ነው።

ከዚህ መሀል አንድ በአንድ እየጠሩ "ይቺን ፈርምና ግባ" የሚሉት ወረቀት ይመጣል። አንዳንዱ ላይ "በራሴ ፈቃድ ለቅቄ በአዲስ ቅጥር ገብቻለሁ" የሚል ተሸጉጦ ይገኛል፣ ያ ማለት የ8 ዓመት አገልግሎት ዜሮ ገባ ማለት ነው። ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለማህበሩ ኮሚቴ አሳዩ።

የስንብት ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ ለብቻችሁ ፍርድ ቤት የስራ ክርክር ችሎት ነው የምትከፍቱት። ወደ ስራ መመለስ ለመጠየቅ 3 ወር ብቻ ነው ያላችሁ፣ ላልተከፈለ ደሞዝ 6 ወር፣ ድርድሩ ያልቃል ብላችሁ ስትጠብቁ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያው ጊዜ) ካለፈ ዳኛውም አይረዳችሁም።