መሣሪያን ለቨርቹዋል ማሽን በቀጥታ ማስረከብ፦ ከአጥሩ እስከ ፍጥነቱ

የግራፊክስ ወይም የኔትወርክ ካርድ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ለሚሠራ ኮምፒውተር) በቀጥታ ሲሰጥ፣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ ራም ላይ ያነባል፣ ይጽፋል። ዲኤምኤ የሚባለው ይህ ነው፤ ፍጥነቱም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ከፍጥነት ይጀምራል። እኔ ግን ደኅንነቱን አስቀድመው፣ የካሽ (የፕሮሰሰሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) ወጥነቱን አስከትለው፣ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ እንዲያበጁ አጥብቄ እመክራለሁ። ማብራሪያው ኬቪኤምን (የሊኑክስን የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) እና ቪኤፍአይኦን (መሣሪያውን ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚያስረክበውን ክፍል) ለሚጠቀም የሊኑክስ ማሽን ነው፤ «አስተናጋጅ» የምለው ዋናውን ማሽን፣ «እንግዳ» የምለው በውስጡ የሚሠራውን ቨርቹዋል ማሽን ነው።

ደረጃ 1፦ አጥሩን ያቁሙ

ባዮስ ውስጥ ገብተው አይኦኤምኤምዩን ያብሩ፤ በኢንቴል ማሽኖች ላይ ስሙ ቪቲ-ዲ ነው። አጥር የምለው ይህንን ክፍል ነው፤ ካርዱ የሚጠራውን እያንዳንዱን አድራሻ ይመረምራል፤ ለእንግዳው ማሽን ካልተፈቀደ ራም ይከለክለዋል። ቀጥሎ የአይኦኤምኤምዩ ቡድኖችን ይመልከቱ። በአንድ ቡድን ያሉ መሣሪያዎች አንዱ ከሌላው መለየታቸው ስላልተረጋገጠ ተከፋፍለው ለተለያዩ ማሽኖች አይሰጡም። የግራፊክስ ካርዱ የድምፅ ክፍል አብሮ ካለ ሁለቱንም ይስጡ። በቡድኑ ውስጥ አስተናጋጁ የሚፈልገው የዲስክ መቆጣጠሪያ ከተገኘ ግን ካርዱን ነቅለው ሌላ ማስገቢያ ላይ ይሞክሩ።

ቡድኖቹን በግድ የሚከፋፍል የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ማሻሻያ አለ። አይጠቀሙበት። የሚለውጠው ዝርዝሩን እንጂ ሽቦውን አይደለም፤ መሣሪያዎቹ አጥሩን ሳይረግጡ እርስ በርስ መነጋገራቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። አስተማማኝ ያልሆኑ ኢንተራፕቶችን (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራባቸውን ምልክቶች) የሚፈቅደውንም ምርጫ ዝግ ያድርጉት።

ደረጃ 2፦ ካሹና ራሙ አንድ ነገር ይናገሩ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ፕሮሰሰሩ የጻፈው መረጃ ለጊዜው ካሽ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙ ላይ ያለው ግን ገና አሮጌው ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ መሣሪያው ራም ሲያነብ ሃርድዌሩ መጀመሪያ ካሹን ይፈትሻል። ሆኖም የፒሲአይ ኤክስፕረስ መልእክት «ካሹን አትፈትሽ» የሚል ምልክት ሊይዝ ይችላል።

ጉዳቱን በአንድ ገጽ እንየው። አስተናጋጁ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ከአንድ የራም ገጽ ለማጥፋት ዜሮ ይጽፍበታል። ዜሮዎቹ ግን ገና ካሽ ውስጥ ናቸው። ገጹ ለአዲሱ እንግዳ ይሰጣል፤ እንግዳው መሣሪያውን ካሹን አልፎ እንዲያነብ ያዝዘዋል። የሚያገኘው ዜሮ ሳይሆን የይለፍ ቃሉን ነው። አጥሩ አልተጣሰም፤ ምስጢሩ ግን ወጥቷል።

መከላከያው ያንን ምልክት ችላ ብሎ ፍተሻውን የሚያስገድድ አይኦኤምኤምዩ ነው። በኢንቴል ማሽን ላይ ከርነሉ ሲነሳ በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍረውን የኢካፕ (ecap፣ የአይኦኤምኤምዩውን ችሎታዎች የሚገልጽ) ቁጥር ይፈልጉ፤ ቢት 7 አንድ ከሆነ ችሎታው አለ፣ ቪኤፍአይኦም ራሱ ይጠቀምበታል። አይኦኤምኤምዩዎች ከአንድ በላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ ካርድዎ ያለበትን ይዩ። ችሎታው ከሌለ ኬቪኤም የእንግዳውን «ካሹን በሙሉ አጽዳ» ትእዛዝ በእውነት እንዲፈጸም ይፈቅዳል፤ ካሹ ሲጸዳ ጎረቤት ማሽኖችም አብረው ይዘገያሉ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማያውቁት ተጠቃሚ አይስጡ።

ደረጃ 3፦ አሁን ያፍጥኑ

ትልቁ ትርፍ ከገጽ መጠን ይገኛል። 8 ጊጋባይት ራም በ4 ኪሎባይት ሲከፋፈል 2,097,152 ገጽ ይሆናል፤ በ2 ሜጋባይት ግን 4,096 ብቻ። አይኦኤምኤምዩው የአድራሻ ትርጉሞችን የሚያኖርበት ቦታ ጠባብ በመሆኑ፣ ገጹ በተለቀ ቁጥር ፍለጋው ይቀንሳል። ትልልቅ ገጾቹን ማሽኑ ሲነሳ ያስይዙ፤ ቆይቶ ራሙ ስለሚበጣጠስ ተከታታይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ የእንግዳውን ኮሮችና ራም ካርዱ በተሰካበት ፕሮሰሰር በኩል ያድርጓቸው። የእንግዳው ራም ለዲኤምኤ ተቆልፎ ስለሚያዝ ወደ ዲስክ አይወጣም፤ ለአስተናጋጁ የሚበቃውን አስቀድመው ይተዉ።

ከዚያ እንግዳውን አስነስተው ካርዱን በከባድ ሥራ ይፈትኑት፣ የአስተናጋጁንም የከርነል መዝገብ ያንብቡ። የዲኤምኤ ጥሰት የሚል መስመር ካዩ አጥሩ አንድ ነገር ከልክሏል ማለት ነው፤ አይኦኤምኤምዩውን ከማጥፋትዎ በፊት መስመሩ ላይ የተጻፈውን የመሣሪያ ቁጥር ተከትለው ማን እንደሞከረ ይወቁ።