«አዲስ አዋጅ ወጣ» ሲባል እውነቱን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

«ከነገ ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል» የሚል ደብዳቤ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ያላየ ሰው የለም። ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ፊርማም አለው። ግን ማኅተምና ቲተር ዛሬ በስልክ ተቆርጦ ይለጠፋል። የባለሥልጣን ድምፅም በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራል። ስለዚህ መልኩን ትታችሁ መንገዱን ተከተሉ። የፌዴራል ሕግ የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ዱካው ይገኛል።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ ለዩ። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። «ሚኒስቴሩ አዋጅ አወጣ» የሚል ዜና ካያችሁ ጸሐፊው ነገሩን አልተረዳውም፣ ወይም ሊያታልላችሁ ነው።

ቀጥሎ ጉዳዩ የት እንደደረሰ እዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዜናው ላይ ያለውን ግስ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲተላለፍ ወሰነ» ከተባለ ገና ረቂቅ ነው። «ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ከተባለም ያው ረቂቅ ነው፤ ኮሚቴው ሊያሻሽለው ይችላል። «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል ነው ነገሩ የሚቆርጠው። ከዚያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል።

የደመወዝ ግብርን እንውሰድ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። ማሻሻያው ምክር ቤት በቀረበበት ሰሞን ነፃው መነሻ ረቂቁ ካስቀመጠውም ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው መጣ። ሐሳብና ውሳኔ የሚምታታው እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ሐምሌ 2017 የጸደቀው 2,000 ብር ነው። 35 በመቶ መቆረጥ የሚጀምርበት መነሻም ከ10,900 ብር ወደ 14,000 ብር ከፍ አለ። ደመወዛችሁን ልታሰሉ ስትነሱ የረቂቁን ሰንጠረዥ ሳይሆን የጸደቀውን መያዛችሁን አረጋግጡ።

አሁን ቁጥሩን ፈልጉ። ቁጥር የሌለው አዋጅ የለም። አንድ የሚያደናግር ነገር ግን አለ፦ ያው ሕግ በአማርኛ በኢትዮጵያ ዓመት፣ በእንግሊዝኛ በአውሮፓ ዓመት ይጻፋል። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ አማርኛው ላይ 1284/2015 ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ 1284/2023። ሁለት ሕግ አይደለም። የአዋጅ ቁጥር በየዓመቱ እንደ አዲስ ከአንድ አይጀምርም፣ ተከታታይ ነው። ስለዚህ ስትፈልጉ ዓመቱን ተዉትና 1284 ብቻ ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ ራሱን ሰነዱን አውርዱ። የፌዴራል ሕግ የሚታተመው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የምክር ቤቱንና የፍትሕ ሚኒስቴርን ድረ ገጽ እዩ። የሕግ ባለሙያዎች የሚያጠናቅሯቸው ድረ ገጾችም አሉ፤ አንዳንዴ ከመንግሥቱ ገጽ ይልቅ ይቀላሉ። ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከጸደቀ በኋላ ታትሞ እስኪወጣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ በማግስቱ አጣሁት ብላችሁ ውሸት ነው አትበሉ።

ሰነዱ እጃችሁ ከገባ ከመጨረሻው ጀምሩ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማነበው። መጨረሻ አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች»፣ «የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች» እና «አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ» የሚሉ አንቀጾች ታገኛላችሁ። «ከነገ ጀምሮ» የሚለው ወሬ እውነት መሆን አለመሆኑ እዚያው ይታያል። ቀጥሎ አንቀጽ 2ን፣ ትርጓሜውን አንብቡ። ሕጉ እናንተን ይመለከት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ፋይሉን ለቻትቦት ሰጥታችሁ ማስጨመቅ ትችላላችሁ። ግን የጠቀሰላችሁን አንቀጽ ሁሉ ገጹ ላይ ሄዳችሁ እዩ። የሌለ አንቀጽ በልበ ሙሉነት ሊጠቅስላችሁ ይችላል።

አዋጅ ጸደቀ ማለት ሁሌም ነገ ይጀመራል ማለት አይደለም። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የባንክ ሥራ አዋጅ የጸደቀው ታኅሣሥ 2017 ነው። የፈቃድ አሰጣጡን ዝርዝር የያዘው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ግን የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በመሃል «ባንኩ መቼ ነው የሚከፈተው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም።

መመሪያ ራሱ የቻለ ጣጣ አለው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አታገኙትም። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ግን መመሪያ ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ መመዝገብና በድረ ገጽ ላይ መጫን አለበት። ያለዚያ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ መስኮት ላይ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ከተባላችሁ ቁጥሩን በትሕትና ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ብቻ ከሆነስ? ቀኑንና የወጪ ቁጥሩን እዩ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አውጥቶት እንደሆነ ፈልጉ። ቴሌግራም ላይ በስም አትፈልጉ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቻናሎች ሞልተዋል። ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ሊንክ ግቡ። ሊንኩ ገንዘብ ወይም የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ እዚያው ዝጉት። የፋይዳ ምዝገባ ለምሳሌ በነፃ ነው፤ «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

ጉዳዩ የክልል ከሆነ የፌዴራሉን ጋዜጣ ብታገላብጡ አታገኙትም። አዲስ አበባ «አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ» አላት፣ አማራ ክልል «ዝክረ ሕግ»፣ ኦሮሚያ «መገለታ ኦሮሚያ»። ሪያድና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ «ምሕረት ታወጀ» የሚለውን ወሬ ከአዲስ አበባ አትጠብቁ። የሚያውጀው የሳዑዲ መንግሥት ስለሆነ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩንና የጀዋዛትን (የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱን) ገጽ እዩ፣ ከዚያ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ዘንድ ደውሉ። ለደላላ ብር የምትከፍሉት ነገር ካለ ከዚያ በፊት አትክፈሉ።